የኢራን ሴቶች ጉዳይና የሚስቴ ማሳ

የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል የለቀምሁ ሰው ነኝ። በመንደራችን በጠዳ ስለ ኢራን ሴቶች ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንከራከር! በማኅበራችን ዕለት ጠላው እስኪቀዳ እንኳ አልታገስም።

«በአንዱ ንጉሥ ዘመን ፖሊስ ሻሻቸውን በግድ ይገፍፋቸው ነበር። ኋላ ሃይማኖተኞቹ ሥልጣን ሲይዙ ያልተሸፈነችው ትቀጣ ጀመር። ሴቶቹ ግን ዩኒቨርሲቲውን ሞሉት፤ ዛሬ ራሳቸውን ገልጠው አደባባይ የሚወጡም አሉ።»

ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። ባለቤቴ ብቻ ጠላ እየቀዳች፣ «ለመሆኑ ሴቶቹን የጠየቃቸው ነበር?» አለች። እኔም «ጥያቄሽ ሸጋ ነው፤ ለሚቀጥለው ወር ይደር» ብዬ አለፍሁት።

በዚያው ሳምንት የመሬት ደብተር ይታደሳል ተባለ። ቅጹን የሚሞላ እንደ እኔ ያለ ሊቅ እያለ ማን ይለመናል? ሚስቴ ከአባቷ የወረሰችውን የወንዝ ዳር ማሳ በእኔ ስም አገባሁት፤ ሠላሳ ዓመት ያረስሁት እኔ ነኝ ብዬ። «ሚስት ተስማምታለች» በሚለው ቦታም የገዛ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁበት።

የመሬት ቢሮ ያለችው ልጅ አሻራውን አየችው።

«አባባ፣ ይሄ የእማማ ጣት ነው? እርፍ ያክላል እኮ!»

«ሥራ ነው ያወፈረው» አልሁ።

«እስቲ የእርስዎን ያሳዩኝ።»

ቀለሙ ገና አልለቀቀም ነበር። ተሰልፎ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እኔ እኮ የሴቶችን መብት የማስረዳ ሰው ነኝ!»

«እያወቁ ከሆነማ የባሰ ነው። ነገ እማማን ይዘው ይምጡ።»

እስከ ቤቴ ድረስ ንግግር ሳዘጋጅ ሄድሁ። ስደርስ ግን የወጣኝ እውነቱ ብቻ ነው። ሚስቴ አልጮኸችም።

«የአባቴን ማሳ?» አለች። «ምነው አንተ ሰውዬ፣ ጎንህ ተኝቼ!»

በነጋታው ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ልጅቷ «በማን ስም ይሁን?» ስትላት፣ «በእኔ። እሱ ግን ይረስ፤ በሬዎቹ የሚሰሙት እሱን ነው» አለች። እኔም በምስክርነት ፈረምሁ። ፊርማዬ እንደሆነ ያምራል።

ስንመለስ፣ «ዘንድሮ እዚያ ማሳ ላይ ሽምብራ ነው» አለችኝ። እንደዚያ ያለ ጥቁር አፈር ጤፍ እንደሚወድ በሰፊው ማስረዳት ጀመርሁ። ዘወር ስል አልፋኝ ሄዳለች።

ሽምብራ ዘራሁ።