«ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ብንልስ?»

በጃንሆይ ዘመን ነው። ጉም ኮልፌን በዋጠበት የነሐሴ ጠዋት ከጦር ኃይሎች ታክሲ ተሳፈርኩ። ኋላ ወንበር ላይ፣ ከጎኔ፣ ክራንች የታቀፈ ሰው ተቀምጧል። ሾፌሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ፊት ለፊታቸው ምንም ሳይታያቸው ታክሲዋን ያከንፏታል።

ሰውዬው ጭንቀቴን አይቶ ነው መሰል፣ በሹክሹክታ ያወራኝ ጀመር።

«ረዳት አብራሪ ነበርኩ። አንድ ቀን በደመና ውስጥ፣ በመሣሪያ ብቻ እየተመራን ለማረፍ ስንወርድ ከፍታ መለኪያውን አየሁት፤ ከልክ በላይ ዝቅ ብለናል። ዋና አብራሪው ደግሞ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። እንዴት ብዬ ‹ተሳስተዋል› ልበላቸው? ‹ጋሼ፣ ትንሽ ከፍ ብንልስ?› አልኳቸው። ‹አውቃለሁ› አሉኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ከተራራ ጋር ተላተምን። ከኋላችን የነበረው መካኒክ፣ የልጆች አባት፣ እዚያው ቀረ። እኛ ሁለታችን ተረፍን።»

«ዋና አብራሪውስ ከዚያ ወዲያ ምን ሆኑ?» አልኩት።

በአገጩ ሾፌሩን አመለከተኝ። የከባድ መኪና መብራት ከጉሙ ውስጥ ፊት ለፊታችን ብቅ ሲል ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አለና በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ቀስ ብንልስ?» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው፣ ዞር እንኳ ሳይሉ።

እሱ ዝም አለ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።