አገኘሽ መሰላሉን እምቢ ያለች ዕለት

አገኘሽ ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጣ አርባ ምንጭ ካለው የዘይት ፋብሪካ ከተቀጠረች ጀምሮ ሥራዋ አንድ ነው፤ የብረት መሰላሉን ወጥታ፣ በዘይቱ ታንከር አናት ባለው ቀዳዳ ብረት የታሰረበት ገመድ ትጥልና የጥጥ ፍሬው ዘይት የት እንደደረሰ ታያለች። ጉልበቷ ከከዳት ቆይቷል። ጨንቻ ያለች እናቷ "ተዪው" ትላታለች። ትታ ምን ልትበላ?

ዘይቱን በራዳር የሚለካ መሣሪያ ይመጣል ሲባል ሰዉ "ሥራሽን ሊነጥቅሽ ነው" ብሎ አዘነላት። እሷ ግን መሰላሉን ብቻ ይውሰድልኝ ብላ ጸለየች።

ቴክኒሻኑ ሰሊሆም ረጅም ዘንግ ይዞ መጣ።

"እትዬ አገኘሽ፣ የራዳሩ ሞገድ በዘንጉ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዘይቱን ሲነካ ይመለሳል። ለመመለስ በፈጀው ጊዜ የዘይቱ ከፍታ ይታወቃል" አላት።

ለዘንጉ ከመሙያው ቧንቧ ራቅ ያለ አዲስ ቀዳዳ እንዲከፈት ጠየቀ። የፈረቃው አለቃ ጋሽ ፈቃደ አልተስማሙም።

"ደህናውን ታንከር አልበሳም! የአገኘሽ ቀዳዳ ምን አነሰው?"

የአገኘሽ ቀዳዳ ያለው ከቧንቧው አጠገብ ነው። ሰሊሆም ትንሽ ተከራከረና ተወው። ዘንጉን በዚያው አወረደ፤ ታንከሩ ባዶ ሲሆንም ሲሞላም ልኩ የቱ ጋ እንደሆነ መሣሪያው ላይ መዘገበ። በደህና አነበበ። ዘይት መሙላት ሲጀመር ግን ከቧንቧው የሚወርደው ዘይት ዘንጉን እየመታ ሞገዱን ከላይ መለሰው። ታንከሩ ሳይጋመስ መሣሪያው ሞልቷል አለ፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው ፓምፕም ቀጥ አለ።

"በቃ፣ ስንሞላ አጥፉት" አሉ ጋሽ ፈቃደ። "አገኘሽ ትውጣ። ለምዳዋለች።"

ለምዳዋለች። ልጆቿን አሰበች። ቢያባርሩኝስ? እግሯ ግን አልነሳ አላት።

"ጋሼ፣ እኔ አልወጣም።"

"ምን አልሽ?"

"ጉልበቴ እምቢ ብሏል። ከፈለጉ ያባርሩኝ።"

ጋሽ ፈቃደ ወደ ሰሊሆም ዞሩ።

"ዛሬስ እኔ እወጣ ነበር" አለ ሰሊሆም፤ "ስሄድ ማን ይወጣል?"

ጋሽ ፈቃደ እያጉረመረሙ ገመዱን ከአገኘሽ እጅ መንጭቀው ወጡ። መሰላሉ መሃል ሲደርሱ ብረቱን አቅፈው ቀሩ።

"ጋሼ፣ ይለምዱታል!" ብላ ጮኸች ለከብት መኖ የሚሸጠው ፋጉሎ የሚሞላበትን ጆንያ የምትሰፋው ጽጌሬዳ። ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ሲወርዱ ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቋል። አገኘሽን ሳያዩ "ታንከሩን ብሱት" አሉ።

ታንከሩ ተራግፎ ታጠበ፤ አዲስ ቀዳዳ ተከፈተለት። ዘንጉ ወደዚያ ሲዛወር የመሣሪያው ቁጥር ከዘይቱ ጋር ረጋ ብሎ ይወጣ ጀመር። አገኘሽንም አላባረሯትም፤ ጽጌሬዳ ጎን ጆንያ ስፌት መደቧት። ጎንበስ ብሎ መዋል ደግሞ ወገብ ይፈጃል። አሁን የሚያማት ወገቧ ነው፤ ቢሆንም መሬት ላይ ሆና ነው የሚያማት።