ሚስቴ ደስ ብሏታል

ባሌ ወንጌላዊ ነው፤ እኔ ደግሞ አፉ ነኝ። ቀልድ አይደለም። እሱ ለትምህርት ጅማ መጥቶ፣ ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተመርቆ፣ በዚያው የቀረ ሰው ነው። አማርኛው ያስቀናል፤ ኦሮምኛው ግን ከሰላምታና ከቲማቲም ዋጋ አያልፍም። እዚያው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩት እኔ መድረክ ላይ ከጎኑ ቆሜ አስተረጉማለሁ።

አስተርጓሚ ደግሞ “እሱ እንዲህ አለ” አይልም። ሰባኪው “እኔ” ካለ አስተርጓሚውም “እኔ” ይላል። ስለዚህ ባሌ ወደ እኔ እየጠቆመ “ሚስቴ ደስ ብሏታል፣ ትከተለኛለች” ሲል፣ እኔም ወደ ራሴ እየጠቆምኩ “ሚስቴ ደስ ብሏታል፣ ትከተለኛለች” እላለሁ፣ በኦሮምኛ። ምዕመኑ ይስቃል። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እስቅ ነበር።

ለአገልግሎት ልንሄድ የታሰበው ወደ ምዕራብ ኦሞ ቆላ ነው። ጥሪ ነው ይላል፤ ጥሪ መሆኑን እኔም አልጠራጠርም። የሚጸልዩልንንና የሚደግፉንን አብያተ ክርስቲያናት ራሳችሁ ፈልጉ ስለተባልን፣ ልጆቻችንን ይዘን የቡና ከተሞቹን መዞር ጀመርን። ሰቃ፣ የቡ፣ ሊሙ ገነት፣ ተመልሶ ጅማ፣ እንደገና ሊሙ። በቅርቡ እንሄድ የለ ብለን የተከራየነውን ቤት ለቀቅን። ቁም ሳጥኑና ፍራሹ እናቴ ጓዳ ገቡ። ያ “በቅርቡ” ክረምቱን ተሻግሮ ቡና ለቀማ ደረሰ።

እንግድነት ደግ ነገር ነው፤ ሲደጋገም ግን ወገብ ይሰብራል። ፈገግ ብሎ መብላት፣ ፈገግ ብሎ መተኛት አለበት። ለእኛ አልጋቸውን ለቀው ሳሎን ወለል ላይ የሚተኙ ሰዎች ጉንፋን ሲይዛቸው እሰማለሁ፤ በሀፍረት እንቅልፍ አጣለሁ። ሻንጣችን ተፈቶ ሳያልቅ ይታሰራል። ትንሿ ልጄ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ “ዛሬ የማን ቤት ነን?” ትላለች። ትልቋ ትምህርት ቤት ተመዝግባለች እንጂ ተምራለች ለማለት ይከብዳል። እኔም ጤና አልነበረኝም። አባዱላው ተሳፋሪ እስኪሞላ መቀመጥ ያቅተኛል፤ ወርጄ እቆማለሁ። የምንሄድበት ስንደርስ ደግሞ ወዲያው መውጣት ያምረኛል። መቀመጡም መሄዱም እምቢ ሲለኝ በራሴ እናደዳለሁ።

ለባሌ ስነግረው “ትንሽ ታገሺ፣ ጌታ ያውቃል” ይለኛል። ጌታማ ያውቃል። እኔ የፈለግኩት እሱ እንዲያውቅ ነበር።

አጋሮ የደረስን ጊዜ ዝናቡ ያለወቅቱ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ የተሰጣ ቡናውን ሸራ ለማልበስ ይሯሯጣል። እሑድ ጠዋት፣ ወደ ጸሎት ቤት ልንወጣ ስንል፣ ያሳደሩን ሰዎች ልጅ ትልቋን ልጄን “ቤታችሁ የት ነው?” ብላ ስትጠይቃት ሰማሁ። ልጄም ምንም ሳትቀልድ “መናኸሪያው ጋ” አለቻት። የጫማዋን ማሰሪያ አሰርኩላትና ወጣን።

ባሌ ያን ቀን ጥሩ ሰበከ። ስለ ቆላው ተናገረ፣ ስለ ጥሪው ተናገረ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ጠቆመና “ሚስቴ ደስ ብሏታል፣ ትከተለኛለች” አለ።

አስቤበት ነው ብል ውሸት ነው። አፌን ስከፍት የወጣው “ሃደ ወራ ኮ ሂን ጋፈንኔ” ነው፤ ሚስቴን አልጠየቅኩም።

የሳቀ የለም። ባሌ ነገሩ ልባቸውን ነክቶት ጸጥ ያሉ መስሎት “አሜን በሉ” አለ። ይቺን አስተካክዬ ተረጎምኩለት። አሜን ያለም የለም።

ከፊተኛው አግዳሚ አንዲት አሮጊት በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። “ኢሼን አስ ጅርቲ፤ ጋፈዳ” አሉት።

“ምን አሉ?” አለኝ ባሌ።

“እሷ እዚሁ ናት፤ ይጠይቋት ይሉሃል።”

“ማንን?”

“ሚስትህን።”

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀለኝ ነበር። ማይኩን ወደ ደረቱ አወረደና ዝቅ ባለ ድምፅ “ጠይቄሽ አላውቅም እንዴ?” አለ። ማይኩ አልተዘጋም ነበር። አማርኛ የሚያውቁት ሰሙ፤ የማያውቁት እኔን አዩኝ። ልማድ ሆኖብኝ ተረጎምኩላቸው።

“ነግረኸኛል እንጂ አልጠየቅከኝም” አልኩት። ይቺንም ተረጎምኳት። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተቀመጡም።

“እሺ፣ ልጠይቅሽ። ትሄጃለሽ?”

ስንት ጊዜ የሱን “እኔ” ስል ኖሬ የራሴን “እኔ” ፈልጌ አጣሁት።

“ሰው ለአገልግሎት የሚወጣው ከቤቱ ነው” አልኩ በመጨረሻ። “እኔ ከመንገድ ወደ መንገድ አልወጣም። መጀመሪያ ቤት አስገባን። ከዚያ ጠይቀኝ፣ እመልስልሃለሁ።”

በኦሮምኛ ደገምኩት። አሮጊቷ “አሜን” ብለው ተቀመጡ፤ ጉባኤውም ተከተላቸው።

ልጆቹ እላያችን ላይ ተኝተው ጅማ ገባን። ተኮራርፈን የምንከርም መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ለሚቀጥለው ጉዞ ስልክ ከመደወል ይልቅ ጫማውን አድርጎ “ነይ” አለኝ። የጅማን መርካቶ አቋርጠን የሄርማታን ቅያሶች ይዘን ገባን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኳ። እስኪጠራኝ ጠበቅኩ፤ አልጠራኝም። በሩን ለከፈቱት ሴትዮ፣ በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛው፣ “ማነ ኪራ ቀብዱ?” አላቸው፤ የሚከራይ ቤት አለዎት ወይ ማለቱ ነው።

“ኤኙፍ?” አሉት፤ ለማን?

ባሌ ትንሽ አሰበ። ቃሉን ከኔ አፍ ስንት ጊዜ ሰምቶታል። “ሃደ ወራ ኮቲፍ” አለ፤ ለሚስቴ።

ሴትዮዋ በትከሻው አሻግረው አዩኝና ገብቼ እንዳየው በእጃቸው ጠሩኝ። እሱ ከበሩ ፈቀቅ አለልኝ። ውስጥ ገብቼ ግድግዳውን ስዳብስ፣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ምን እንደምል ይጠብቅ ነበር።