ኖራው የጠጣው የሰርግ ዘፈን

ጎርፉ የገባብን በበልግ፣ ለፋሲካ ግድግዳችንን ኖራ በቀባን ሰሞን ነው። ቤታችን ከሐረር ግንብ በሮች በአንዱ፣ በሸዋ በር፣ ወደ ውስጥ ሲገቡ ቁልቁል በሚወርድ ጠባብ መንገድ ጥግ ላይ ነው። ሰው ቆሻሻውን ቦዩ ውስጥ ሲጥል እያየሁ ስቆጣ ኖሬያለሁ፤ ውሃው ግን የጣለውንና የተቆጣውን አልለየም። አልጋ ሥር ያስቀመጥኩትን የሙዚቃ ኖታ ወረቀቶች ሳጥን ሞላው።

ኖታ ማንም አላስተማረኝም፤ ካሮጌ መጽሐፍ ላይ ብቻዬን እየታገልኩ ነው የለመድኩት። ከሳጥኑ ውስጥ የምሳሳለት፣ ጎረቤታችን የነበሩ የሐረሪ አሮጊት ቁጭ ብለው ያንጎራጎሩልኝና በኖታ የጻፍኩት የሰርግ ዘፈን ነበር። እሳቸው ዛሬ የሉም። ልጃቸው ከጎርፉ በፊት መጥታ፣ "ጋሼ፣ ልጄን ልድር ነው። የእናቴ ዘፈን፣ አላህ ይርሐማት፣ እርስዎ ጋ ነው ያለው። ልጅዎ በክላርኔት ትጫወትልን" ብላኝ እሺ ብያታለሁ።

እርጥብ ወረቀት ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ይጨማደዳል። አዲስ ኖራ ግን እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ገጹን አንድ በአንድ እያላቀቅሁ፣ የተጻፈበትን ፊት ወደ ግድግዳው አድርጌ ለጠፍኩት።

"አባዬ፣ መጀመሪያ በስልክ ላንሳው" አለች ልጄ።

"ፎቶ ወረቀት አያደርቅም። ያዢልኝ።"

"የምንፈልገው ወረቀቱን ነው እንዴ?"

"ያዢ አልኩሽ!"

ሲደርቅ ስናነሳው ወረቀቱ ባዶ ሆኗል። የብዕር ቀለሙን ኖራው ጠጥቶታል። ኖታው ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ቀርቷል፤ ከፊሉም ሰማያዊ ጭቃ መስሏል። ልጄ መስታወት አምጥታ ግድግዳው ፊት ያዘችና እያየች ታነብልኝ ጀመር፤ እኔ በእርሳስ ገለበጥኩ። የመጨረሻው ክፍል ላይ ስንደርስ የሚነበብ ነገር ጠፋ። ከትዝታዬ ፈልጌ አንጎራጎርኩላት።

"ይሄማ ማኅሌት ነው! ሙሽሪትን ልታመነኩሳት ነው?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። "እንደምንም አስማምተህ ሙላዋ። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ። እሳቸው ያላሉትን አሉ ብዬ አልጽፍም።"

ሰው የሌላውን ነገር በአደራ ሲይዝ የጠፋውን ጠፋ ማለት አለበት። ይህን ለልጆቼ ስነግር ኖሬያለሁ፤ ቀላል ነው ብዬ ግን አልነገርኳቸውም፤ አይደለምም።

የሟቿ ልጅ ለመስማት መጣች። ልጄ በእርሳስ የገለበጥኩትን ተጫወተች። ሴትየዋ አፏን በሻሿ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማ ነበር። ክላርኔቱ ሲቆም ዓይኗን ገለጠች።

"ቀጥይ እንጂ፣ ልጄ።"

"እዚህ ድረስ ነው የተረፈው" አልኳት። "እናትሽ ሲዘፍኑት እየሰማሽ ነው ያደግሽው። ቀሪውን አንቺ አታስታውሺውም?"

ለብቻዋ ልታንጎራጉር ሞከረች፤ ተወችው፤ እንደገና ሞከረች።

"የለም" አለች በመጨረሻ። "እርስዎ ጽፈውታል ብዬ እኮ ነው፣ ጋሼ፣ በቃሌ ልይዘው ያልሞከርኩት።"