ደሳለኝ የሳቀበት ታሪክ

የእህቴ ልጅ ሄራን ኮሌጅ ስትገባ ማኔጅመንት መረጠች። ለአባቷ ዓሣ ቤት ይጠቅማል ብላ ነው። እናቷን ጌታ ከወሰዳት ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ባህል አዳራሽ አካባቢ ከአባቷ ጋር በምንኖርበት ቤት በረንዳ ላይ እኔ ልብስ እሰፋለሁ፣ እሷ አጠገቤ ታጠናለች። ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ላፕቶፕ ተውሳ መጣችና ባንክ የሚዘርፉ ሰዎች ፊልም ከፍታ ቁጭ አለች።

"ይሄ ነው ትምህርቱ?" አልኳት።

ይሄው ነው አለችኝ። መምህራቸው አንድ የዘረፋ ፊልም ወይም ልቦለድ መርጣችሁ እንደ ቢዝነስ ስትራቴጂ ተንትኑ ብሏቸዋል። ማን ያቅዳል፣ ማን በር ይከፍታል፣ የተዘረፈው ድርጅት ድክመቱ የት ላይ ነበር? ልጅ የምናስተምረው ሌብነት እንዲተነትን ነው እንግዲህ ብዬ አጉረመረምኩ።

ግን ሳላውቀው እኔም ስፌቴን ትቼ አብሬያት ማየት ጀመርኩ። የገረመኝ፣ ሌቦቹ መጀመሪያ ካዝናውን አይነኩም። መጀመሪያ የሚላመዱት ዘበኛውን ነው። ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል፣ ሲያመው ይጎበኙታል፣ አብረውት ይበላሉ። ሄራን ፊልሙን እያስቆመች ትጽፋለች። "አየሽ አክስቴ፣ በሩን የሚከፍተው ሁሌም በጣም የሚታመነው ሰው ነው" ትለኛለች።

እንዲህ ስናይ ነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊልሙን መሃል ላይ አቁማ ወደኔ የዞረችው።

"ምነው?" አልኳት።

"አክስቴ፣ የዓሣ ቤቱ የኪራይ ውል በማን ስም ነው?"

ዓሣ ቤቱ ሐይቅ ዳር ነው። አባቷ ደሳለኝ ቆሮሶ ዓሣ ሲጠብስ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የሆቴሉን ምሳ ትቶ ይመጣል። ማባያውን፣ የሚያቃጥለውን ዳጣ የሚያዘጋጀውም ራሱ ነው። ወረቀት ግን አይወድም። ንግድ ፈቃዱን፣ ግብሩን፣ ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለውን ጣጣ ሁሉ የያዘው ዮሐንስ ነው፤ ሸሪኩ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ወንድሙ። ሥራውን ሲጀምሩ እኛ ሳሎን ተቀምጠው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጸለዩ፣ አሜን አሉ፣ አለቀ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። በጸሎት ከታሰረ በኋላ "እስቲ በወረቀት ይሁን" ያለ ሰው ወንድሙን ብቻ ሳይሆን ጸሎቱን የሰማውን ጌታም የጠረጠረ ይመስላል። እንዲህ ስንል ስንቱ ቤት ፈረሰ!

ውሉ በዮሐንስ ስም ብቻ ነበር። ንግድ ፈቃዱም እንደዚያው። ሄራን ይህን ስታውቅ ሌላውም ይታያት ጀመር። ዮሐንስ የሚስቱን ወንድም "ሥራ ይልመድ" ብሎ ማዕድ ቤት አስገብቶታል፤ ዳጣውን ያሳየው ደሳለኝ ራሱ ነው። ታፔላው ላይ የነበረው የደሳለኝ ስልክ ቁጥር ጠፍቶ በምትኩ የዮሐንስ ተጽፏል። የኪራይ ውሉ ደግሞ ሊያልቅ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ልታድስ ከአዲስ አበባ ትመጣለች ተብሏል።

"ልክ እንደ ፊልሙ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው" አለችኝ ሄራን። ለኔ መሳቅ ነበር የቀለለኝ፤ ግን ሳቁ እንቢ አለኝ።

በዚያው ሰሞን ራት ላይ ደፍራ ጠየቀችው። "አባዬ፣ ውሉ ሲታደስ ያንተም ስም ቢገባ ምን አለበት?"

ደሳለኝ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። "ማነው ይህን ያስተማረሽ?"

"ማንም። ለጥንቃቄ ብዬ ነው።"

"ወንድሜን ልጠርጥር? እናትሽ ስትሞት ሳጥኗን የተሸከመው ማነው? ሁለተኛ እንዳልሰማ!"

እኔም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። "ማስረጃ አለሽ፣ እህቴ?" አሉኝ። ምን ልበል? ፊልም አይቼ ነው ልበል? "እንግዲያው ጸልዪ" ብለው ሸኙኝ። ጸለይኩ፤ እየጸለይኩም ግን ንድድ ይለኝ ነበር።

ሄራን በቀጥታ መናገር ስትከለከል ሌላ መንገድ አሰበች። መምህሩ ልቦለድም ይቻላል ብሏል አይደል? የሰው ፊልም መተንተኑን ተወችና የራሷን ታሪክ ፈጠረች። ዓሣ ቤቱን ዳቦ ቤት አደረገችው፣ ከተማውን ሌላ ከተማ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ በልተን ስናበቃ "አባዬ፣ የጻፍኩትን ላንብብልህ?" አለችው። ደሳለኝ ታሪክ ይወዳል፤ ወንበሩን አስጠጋ።

አነበበች። ጋጋሪው ቁልፉን ለጓደኛው እንዴት እንደሰጠ፣ ጓደኛው የእህቱን ልጅ ሊጥ ይልመድ ብሎ እንዴት እንዳስገባ፣ ባለ ሕንፃው በሚመጣበት ቀን ጋጋሪውን እንዴት ወደ ሩቅ አገር ለቅሶ እንደላከው። ድምፅዋ ይሰበራል፣ ታስተካክለዋለች። እኔ ደሳለኝን አያለሁ። አሁን ይገባዋል፣ አሁን ፊቱ ይለወጣል እላለሁ። ፊቱ ተለወጠ፤ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ቂል ነው! ሌባውን ራሱ እኮ ነው ያስገባው!"

"ቂል አይደለም አባዬ፤ አማኝ ነው" አለች ሄራን ቀስ ብላ።

"አማኝማ ዓይን አለው የኔ ልጅ!"

እሷ አየችኝ፣ እኔ አየኋት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ።

በማግስቱ የሰፋኋቸውን ሽርጦች ላደርስ ዓሣ ቤቱ ስሄድ፣ ደሳለኝ ታሪኩን ለዮሐንስ እየነገረው ነበር። ከነድምፁ፣ ከነእጁ፣ ልጄ ናት የጻፈችው እያለ። ዮሐንስ ሳቀ፤ ከደሳለኝም አብልጦ ሳቀ። ከዚያ እጁን እየታጠበ "መጨረሻው ምን ይሆናል?" አለ።

"ገና አልጨረሰችውም" አለ ደሳለኝ።

ዮሐንስ ወደኔ ዞሮ አየኝ። ሳቁ ፊቱ ላይ ነበር፤ ዓይኑ ውስጥ ግን አልነበረም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ ያን ቀን ሲወስድ ቆሜ አየሁ። እኛ ለማስጠንቀቅ ያልነው ሌባውን ቀስቅሶ አስነሳው።

ሳምንቱ ሳያልቅ ዮሐንስ ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ላይ የብዙ ቀን የጾም ጸሎት አለ የሚል ወሬ ይዞ መጣ። "ደክመሃል ወንድሜ፤ ሂድና ታደስ፤ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ" አለው። ሄራን በር ላይ ቆመች።

"አትሂድ አባዬ፣ በሞቴ! የቤቱ ባለቤት በዚህ ሳምንት ነው የምትመጣው!"

"ታዲያ ዮሐንስ አለ አይደል?" አላት። ግንባሯን ስሞ ባጃጅ ውስጥ ገባ።

ሴትዮዋ ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ማረፏን ሰምተን ሄድንና ሄራን የአባቷም ስም ውሉ ላይ ይግባ ብላ ለመነቻት። "ውሉ ላይ የማውቀው አቶ ዮሐንስን ነው። አባትሽ ማነው?" አለቻት።

"ዓሣውን የሚጠብሰው እሱ ነው፤ ሲጀመርም አብረው ናቸው የከፈቱት።"

"እህ፣ ሠራተኛው!" አለች። ክፋት የላትም፤ የነገሯትን ነው የተናገረችው። "ሸሪክ ከሆነ እንግዲህ ራሱ ይምጣና ያናግረኝ። ነገ ነው የምፈርመው።"

የደሳለኝ ስልክ ዝግ ነው፤ እዚያ ስልክ ያስዘጋሉ። ቱላ ድረስ ሄድን። በረኛው "ጸሎት ላይ ናቸው፤ እስኪያበቃ ማንም አይጠራም" አለን። ብንለምነው፣ ብናለቅስ "እናንተም ጸልዩ" ይለናል። መዝሙሩ እስከ ውጭ ይሰማል። ከመሃሉ የደሳለኝን ድምፅ ለየሁት። ሄራን አጥሩን ይዛ "አባዬ!" ብላ ተጣራች፤ መዝሙሩ ዋጠው።

ደሳለኝ ሲመለስ ውሉ በዮሐንስ ስም ታድሶ፣ ማዕድ ቤቱ ውስጥ የዮሐንስ ሚስት ወንድም ሽርጥ አድርጎ ቆሟል። ዮሐንስ አቅፎ ሳመው። "ብዙ ደክመሃል ወንድሜ፤ አሁን ዕረፍ። ጌታ ሌላ በር ይከፍትልሃል" ብሎ ቢላዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። እኛ ላይ የሚጮኸው ደሳለኝ እዚያ አልጮኸም። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! "እሺ" ብሎ ወጣ።

በዚያው ሰሞን የሄራን ሥራ ታርሞ መጣ። መምህሩ "ትንተናው ጥሩ ነው፤ ተዘራፊው ግን አሳማኝ አይደለም። በዚህ ዘመን ያለ ውል የሚሠራ ነጋዴ የለም" ብሎ ጽፎበታል። ልቀድደው ስል ከለከለችኝ፤ ውጤት ያለበት ወረቀት ነው።

ደሳለኝ አሁን በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ይውላል። እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ክሬን ይጠቀልልልኛል። አንድ ቀን ሄራን ከትምህርት ስትመለስ ቀና ብሎ አያት።

"አንቺ ተምረሻል" አላት። "ስለ ንግድ፣ ስለ ሌባ፣ ስንት ነገር ታነቢያለሽ። ይህ እንደሚመጣ አልታየሽም? አንድ ቀን እንኳ 'አባዬ፣ ተጠንቀቅ' ብትይኝ ምን ነበረበት?"

መኪናዬን አቆምኩ። አሁንስ እናገራለሁ ብዬ አፌን ስከፍት ሄራን በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። ሄዳ እግሩ ስር ቁጭ አለች፤ እጁን ይዛ ሳመችው።

"ይቅር በለኝ አባዬ" አለችው። "አልታየኝም ነበር።"

"ግድ የለም" አላት ራሷን እየዳበሰ። "ልጅ ነሽ፤ በምን ታውቂያለሽ።"