የመርከቧ ታሪክ ከየት ይጀመራል?

ጠራዡ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መጽሐፍ ሲሰፋ ኖሯል። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለችው አንዲት ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው እሷ ናትና፣ «እትዬ» ሲላት እናቴም እህቴም ማለቱ ነበር።

ሁለቱ አንድ ድራማ ይወዱ ነበር። በውኃ ከተዋጡ ከተሞች ሰው እየለቀመች የምትዞር የአንዲት መርከብ ታሪክ ነው፤ በየሐሙሱ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ካፒቴኗ ባሕር ውስጥ እንደወደቀች ድራማው ተቋረጠ፣ ቀረ። ኋላ ላይ አዘጋጆቹ ታሪኩን በኮሚክ መጽሔት ቀጠሉት ተባለ። ጠራዡ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን እየዞረ አንድ አንዱን ይለቅም ጀመር።

እትዬ ግን አንዱንም አልገልጥም አለች። «ጎዶሎ አልጀምርም። አንዴ ተቋርጦብኛል፤ ይበቃኛል።»

ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። ሃያ አራቱን ዋና ቁጥሮች አገኘ፤ የካፒቴኗን ልጅነት የሚተርኩት አምስቱ ግን የውኃ ሽታ ሆኑበት። ያም ሆኖ የንባቡን ቅደም ተከተል በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ መጀመሪያ ልጅነቷ፣ ከዚያ የቀረው። አንድም ገጽ ሳያነብ ቅደም ተከተሉን ከየት እንዳመጣው ማንም አልጠየቀውም።

በዘጠነኛው ዓመት እትዬ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር መድኃኒት ቤት ስላለ፣ የታዘዘላትን መርፌ የምትወጋት የዚያ ወጣት ፋርማሲስት ነበረች። ልጅቷ የግድግዳውን ወረቀት አንብባ ፈገግ አለች። በማግስቱ የጎደሉትን አምስት ቁጥሮች ከራሷ ቤት በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

«ግን እትዬ፣ ልጅነቷን ከአሥራ ሁለተኛው ቁጥር በኋላ ነው ማንበብ ያለብሽ» አለች። «ቀድመሽ ካነበብሽው ልብሽ የሚደነግጥበት ቦታ ያመልጥሻል።»

ጠራዡን ሁለት ነገር ከነከነው። ዘጠኝ ዓመት የቃተተበትን አንዲት የትናንት እንግዳ በላስቲክ አንጠልጥላ አመጣችው። ደግሞም «እትዬ» አለቻት፤ ያውም በአንቺታ።

«ሰው ሳይወለድ ካፒቴን አይሆንም» አለ ከአንገት በላይ እየሳቀ።

እህቱ ፊቷን ወደ ልጅቷ አዞረች። «ያነበበችው እሷ አይደለች? እንደሷ ይሁን።»

ቆሽቱ አረረ። እሱ ከሥራ ሲመለስ ሁለቱ ሲሳሳቁ ይደርሳል፤ ሲገባ ዝም ይላሉ፣ ወይም ዝም ያሉ ይመስለዋል። ትራሷን ልጅቷ ስታስተካክል እያየ፣ ትንሽ ቆይቶ እሱም ደግሞ ያስተካክለዋል። በሦስተኛው ቀን መጽሔቶቹን ሁሉ ሰብስቦ «ሽፋናቸው እንዳይቀደድ ላጠናክራቸው» ብሎ ወደ ምድር ቤቱ ወሰዳቸው። እዚያም የካፒቴኗን ልጅነት፣ ልጅቷ ያመጣቻቸውን አምስቱን፣ ከፊት አድርጎ ሃያ ዘጠኙንም በሰም በተነከረ ክር በአንድ ጥራዝ ሰፋቸው። እንዲያ አምሮለት ሰፍቶ አያውቅም።

እትዬ ጥራዙን ተቀብላ ገለጠችው። ቀጥላም በለሆሳስ «የሰው ንብረት ሰፋህ?» አለችው።

«እንዳይጠፋባት ብዬ…»

«ልጅ ሆነህ ጎረቤት ሕፃን ሲያሳቅፈኝ ሕፃኑን ትነክሰው ነበር። አሁን ደግሞ በመርፌ መጣህ። ሂድ፣ ፍታው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤቱ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ክሩን ይተረትር ጀመር። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ሲላቀቁ ዓይኑ ገጹ ላይ ቀረ። ከዋናው አንደኛ ቁጥር ጀምሮ አነበበ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ካፒቴኗ ወጥ ቤቱን በሌብነት ጠርጥራ ከመርከብ ታስወርደዋለች፤ ሰውየው መዳፉ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ እያሻሸ ጀልባዋ ላይ ብቻውን ይቀራል። ጠራዡ «የእጁን ነው ያገኘ» አለ። ቀጥሎ የልጅነቷን አምስት ያዘ። በመጨረሻው ገጽ፣ ጎርፍ በወሰደው ትንሽ ወንድሟ መዳፍ ላይ ያንኑ ጠባሳ አየ። መተርተሪያውን አስቀምጦ ወደ አሥራ ሁለተኛው ቁጥር ተመለሰ፤ የወጥ ቤቱን መዳፍ ደግሞ አየው።

ቅዳሜ ልጅቷ ስትመጣ አምስቱን እየዘረጋ «ወጥ ቤቱን እኔም ሌባ ነው ብዬ ነበር» አላት። «አንቺ ልክ ነሽ። መጽሔትሽን ሳላስፈቅድ መብሳቴም ነውር ነው፤ ይቅር በይኝ።»

እሷ የመርፌውን ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰች። ደስ አላላትም፣ አልሸሸገችውም። «ያማል» አለች። «ግን ይነበባል።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱም አብረው ያነባሉ። ቅናቱ ጥሎት ሄደ ማለት ውሸት ይሆናል፤ ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ስትቀመጥ አሁንም ተነሥቶ የእህቱን ትራስ ያስተካክላል። ዘጠነኛውን ቁጥር ጨርሰው ሳሉ ልጅቷ ታማ ሁለት ቅዳሜ ቀረች። እትዬ «እስቲ አሥረኛውን አቀብለኝ» ብትለው፣

«ትምጣ» አለ መጽሔቱን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ። «ያለሷ አንጀምርም።»