ወላሂ ያልኳት ቀን

ይህን ለእናቴም ለባሌም አልነገርኩም። መስገጃዬ ላይ ተደፍቼ እንኳ በቃል አውጥቼው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ፊቴን ስለማታዩት ነው።

ወሎ፣ መርሳ ላይ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። ባሌ ከዓረብ አገር ሊመለስ ሲል ፍርሃት ገባኝ። ሁለት ልጅ ወልጃለሁ፤ እንደ ድሮዬ ባያገኘኝስ? የሐሞት ጠጠር አለብኝ ብዬ ከተማ ሄድኩና አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ብልቴን በቀዶ ጥገና አስጠበብኩ። ጠዋት ገብተሽ ማታ ትወጫለሽ አሉኝ። ምን ሊከተል እንደሚችል አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ቁስሉ አመረቀዘ። ከደረቀም በኋላ መቀመጥ ያመኛል። ባሌ ሲቀርበኝ ጥርሴን ነክሼ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ፤ እሱ ደስ ያለኝ ይመስለዋል።

ሩቅያ የአክስቴ ልጅ ናት፤ አንድ ጓሮ ነው ያደግነው። ክሊኒክ መሄዴን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ሕመሜን ግን ለእሷም አልነገርኳትም። የእሷም ባል ሊመጣ ሲል ሱቄ መጣችና መጋረጃውን ጋርዳ፣ ክፉ ነገር አለው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጥርስ እንደ መነቀል ነው አልኳት። እጄን ያዘችው።

«እስቲ ወላሂ በይኝ፣ እታለም።»

«ወላሂ፣ ምንም የለውም» አልኩ።

ይህን ስል በአንድ ጎኔ ተዛንፌ ነበር የተቀመጥኩት። ለምን ማልኩ? አፍሬ ነው እንዳልል፣ ከሩቅያ ምን አሳፈረኝ? ክሊኒኩ አታለለኝ እንዳልል፣ እሷን ያታለልኳት እኔ ነኝ። እውነቱ ይኸውና፦ ብቻዬን መጎዳቴ አንገብግቦኝ ነበር። እሷ ጤነኛ ሆና ባሏን እየሳቀች ስትቀበል ማየት አልፈለግኩም። እንደኔ የሆነ ሌላ ሰው ፈለግኩ። እኔ፣ እህቷ፣ ይህን ፈለግኩ።

እዚያው ክሊኒክ ሄደች። በተመለሰች በሳምንቱ በትኩሳት ስትቃጠል በአምቡላንስ ወልድያ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሟ ካከመቻት በኋላ ወደኔ ዞራ፣ ይህ ለጤናዋ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም፣ አደጋውን የነገራት ሰው የለም ወይ አለችኝ። እኔ እንጃ አልኩ። እዚያም ዋሸሁ።

ሕይወቷ ተረፈ፤ ሽንቷን መቆጣጠር ግን አቃታት። ባሏ መጣና ብዙም ሳይቆይ መኝታ ለየ።

ኡስታዛችንን ስም ሳልጠራ ጠየቅኳቸው። ተውበት አድርጊ፣ አላህን ማረኝ በይ፤ የሰው ሐቅ ግን ራሱ ባለቤቱ ዘንድ ሄደሽ፣ ይቅር አስብለሽ ነው የምትለቀቂው አሉኝ። ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

«ያንቺ ገላ ድኖ የኔ ያልዳነው ምን አጥፍቼ ነው?»

የኔንም ለባሏ ነግራው ኖሮ፣ እሱም በኔ እያመሳከረ፣ ያቺ ድና የለም ወይ እንደሚላት ነገረችኝ። የማልኩት ያን ቀን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በየቀኑ እየማልኩባት ነው። ብርድ ልብሷን አስተካክዬ፣ አይዞሽ ብዬ ወጣሁ። አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን አልበደልኩም። ይቅር የምትለኝ ሩቅያ ናት። እሷ ደግሞ የበደላት የገዛ ገላዋ ይመስላታል።